ከነጥቦቹ በኋላ

መጀመሪያ የተሰማው ክላክስ ነበር። ኢብሲቱ ከሀይዌይ ወጥታ ወደ ሴንት ፖል ምሥራቅ ሰፈር ስትታጠፍ ቤተ ክርስቲያኑም ግቢውም ገና አልታያትም፤ ከቤቶቹ ጣሪያ ወዲያ ግን አርባ የሚሆን መኪና አንድ ላይ ሲጮኽ ሰማች። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ እንደ ዳክዬ። የማያውቅ ሰው ቢሰማ ሠርግ ነው ይላል፣ ወይም ጠብ። እሷ ግን ሕዝቡ «አሜን» እያለ እንደሆነ ታውቃለች።

«ጀመሩ!» አለች ለራሷ፤ ነዳጁን ረገጠችው።

ዘመኑ እንዲያ ነበር። በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት የቤተ ክርስቲያን በሮች ሁሉ ከተዘጉ ወዲህ ሰው እግዚአብሔርን የሚያመልከው ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ነው። ባሏ ሙሊሳ የፒካፑን ጀርባ መድረክ አደረገው፤ የጫማ ሣጥን የምታህል የኤፍኤም ማሠራጫ ተከለ፤ ስብከቱ በየመኪናው ሬዲዮ ይገባል። አሜን የሚል አንድ ጊዜ ክላክስ ይነካል። ሃሌ ሉያ የሚል ሁለት ጊዜ። መንፈስ የነካው ደግሞ እጁን ጨርሶ አያነሳም። የሰፈሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጠርተዋል፤ ሁለተኛው ፖሊስ ሲሄድ እሱም አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ነው የሄደው።

ኢብሲቱ ሁሉንም በድምፁ ትለያለች። ከግንቦት ወዲህ ያልሰማችው አንድ ክላክስ ብቻ ነው፤ የስንታየሁን።

ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ቅርጫት አለ፤ እንዳይገለበጥ በቀበቶ አስራዋለች። በቅርጫቱ ውስጥ የዓመቱ የተስፋ ቃል፣ እያንዳንዱ ተጠቅልሎ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሯል። እንቁጣጣሽ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ እያንዳንዱ ሰው እጁን ሰዶ አንዱን ያወጣል፤ የወጣለት ጥቅስ የዓመቱ ድርሻው ነው። ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፤ የታክሲ ዳሽቦርድ ላይ ይለጠፋል። ከብሩክሊን ፓርክ ሜፕልዉድ ድረስ ሰው ለሰው ይደውላል፦ «ምን ደረሰህ?» «ራስ እንጂ ጅራት አትሆንም!» «እልልል! ዘንድሮ ቤት ትገዛለህ!»

ጥቅሶቹን የሚመርጡት የሽማግሌዎች ሰብሳቢው ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው፤ ኢብሲቱ ትተይባለች። ሁልጊዜም ከጥቅሱ የሚቆረጥ ነገር ነበር። «ብትሰማ» የሚለው፣ «ብትጠብቅ» የሚለው፣ «ብታደርግ» የሚለው ባለበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ነጥብ ነጥብ ይገባል። ወረቀቷ ጠባብ ናት ይሉ ነበር ጋሽ ሐብተማርያም፤ ሰው ደግሞ በአዲስ ዓመት ተስፋ ይፈልጋል።

ዘንድሮ ኢብሲቱ ነጥቦቹን አወጣቻቸው። ጥቅሱን ሁሉ እስከ አራት ነጥቡ ጻፈችው፤ ትእዛዝ ያለበትንም ከነትእዛዙ። አስፈቅዳ አይደለም። ያተመላት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በሪሁን ኦርቶዶክስ ነው፤ ወረቀቱ ሲረዝምበት ጊዜ ሳቀባት፦ «ሙሉውን አትም ትይኛለሽ፤ የእናንተ ሙሉ እኮ ስልሳ ስድስት መጽሐፍ ነው። የእኛን ሰማንያ አንድ ብታመጪ ማሽኔ ይቃጠል ነበር!» እሷም፣ «መጀመሪያ ስልሳ ስድስቱን እንታዘዝ፤ ለቀሪው እንደዋወላለን» አለችው።

ዓርብ ዕለት ስንታየሁ ስልክ ደውሎላት ነበር። «እሑድ እመጣለሁ» አላት፤ «የመጨረሻዬ ነው። ከሰው የምሰማውን ሰምቻለሁ። አንድ ቃል አወጣለሁ፤ ስለ ሚስቴ ስለ ባየሽ እግዚአብሔር ራሱ የሚለኝ ካለው ይበለኝ። ከዚያ በኋላ የማንንም ደጅ አልረግጥም።»

ግቢው በር ላይ አስተናጋጁ አቤኔዘር የሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ግንባሯ ላይ ደገነባት።

«ኖርማል ነሽ።»

«ሰው ሁሉ እንዲያ ቢለኝ» አለችና አለፈች።

ጋሽ ሐብተማርያም ከፒካፑ ሥር ቆመው ነበር። ሙሉ ልብስ በክራቫት፣ ከላዩ ሰማያዊ የሐኪም ማስክ። ፓስተሩ በጥር ወደ ሌላ ስቴት ከሄደ ወዲህ ስብከቱም፣ ቡራኬውም፣ ቁጣውም በእሳቸው እጅ ነው። መድረኩ ላይ ሙሊሳ የተቀዳ መዝሙር ከፍቷል።

«ዘገየሽ ልጄ።»

«ናይት ሠርቼ ነው ጋሼ። የምትተካኝ ልጅ አልመጣም ብላ ኮል ኢን አደረገች።»

«አይዞሽ። እስቲ ቅርጫቱን።» አንዱን አነሡ፤ ላስቲኩን ፈቱ፤ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ወረቀቱ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ አላልቅ አለ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ።

«‹በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ።› ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓመቱ ቃል ነው።»

«የዓመቱ ቃል! ምን ተስፋ አለው ይሄ?» ወረቀቱን አጣጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ሌላ ፈቱ። «‹ራስ ያደርግሃል እንጂ ጅራት አያደርግህም›፤ ይሄ ደህና። ‹ትእዛዛቱን ብትሰማ፣ ብትጠብቅ፣ ብታደርግም›... ኢብሲቱ፣ ማን ጨምሪ አለሽ?»

«አልጨመርኩም ጋሼ። ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩት እንጂ።»

«ሰው ሞት መካከል ነው ያለው! ያ የሚሠራበት ቤት ተዘግቷል፣ ያኛው ከሆስፒታል ገና መውጣቱ ነው። አንቺ በመስኮቱ ‹ብታደርግ›ን ልትሰጪው?»

«አዎ» አለች። «ሰው እኮ ግማሹን ይዞ ነው የሚሰበረው። ‹ብታደርግ› የሌለበት ተስፋ ስንሰጠው፣ ያልሆነለት ቀን እግዚአብሔር ዋሸኝ ይላል። ወይም የጎረቤቱ ኃጢአት ነው ይላል።»

ጋሽ ሐብተማርያም ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። የምትለውን ያውቃሉ። ግቢው ውስጥ የቆመ መኪና ሁሉ ያውቃል።

በሚያዝያ ነው። ባየሽ፣ የስንታየሁ ሚስት፣ የመዘምራን መሪ፣ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ታመመች። በማለዳው የጸሎት መስመር ላይ፣ ስልሳ ሰው በየስልኩ እየሰማ፣ ስንታየሁ «ጸልዩልኝ» አለ። ጋሽ ሐብተማርያም መለሱለት፦ «ስንታየሁ፣ ቃሉ አይዋሽም። ‹መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም› ይላል። ከገባ በር የከፈተለት ነገር አለ። ቤትህን ፈትሽ።» ከዚያ አንድ ሰው ከመስመሩ ሲወጣ የምትሰማዋ ድምፅ ተሰማች፤ ጢት። ባየሽ በግንቦት ተቀበረች፤ አሥር ሰው ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ ጋሽ ሐብተማርያም አልነበሩበትም።

«ያን የዳዊት መዝሙር» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም ዛሬ፣ ቀስ ብለው፤ «እኔ ያን መዝሙር ከየት እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በደርግ ጊዜ፣ እስር ቤት። መጽሐፍ ቅዱስ አይገባም። አንድ ወንድም ከውጭ በልብስ ስፌት ውስጥ አንዲት ቅዳጅ አስገባልኝ፤ ይቺን ታህላለች» ሁለት ጣታቸውን አሳዩአት። «‹መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም› የሚለው ላይ ተቀድዷል። ተስቦ ገባ፤ ግራና ቀኜ የተኙት ሞቱ። እኔ በዚያች ቅዳጅ ወጣሁ። ግማሽ ነበር ያለኝ ኢብሲቱ። ግማሹ አኖረኝ።»

ኢብሲቱ ይህን አልጠበቀችም። የተቀዳው መዝሙር ከላያቸው ይሄዳል፤ ከአንዱ መኪና ሕፃን ያለቅሳል።

«ያኔ የቀደደው ሌላ ነው ጋሼ» አለች። «እግዚአብሔርም በግማሹ አወጣዎት፤ አልክድም። ዛሬ ግን ሙሉው እጃችን ላይ ነው። የምንቀደው እኛ ነን። ከቅዳጁ በታች ምን እንዳለ እርስዎ ለእኔ ሊነግሩኝ ይገባል፤ ‹በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ› ይላል፤ እዚያው መዝሙር ላይ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ። መከራ ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ በየትኛው መከራ ነው አብሮ የሚሆነው? ይቺን ቢነግሩት ኖሮ ጋሽ ስንታየሁ አይሰበርም ነበር። ደግሞ ይሄን መዝሙር በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ጌታ ፊት ቆርጦ የጠቀሰው...»

አፏን በማስኩ ላይ ያዘች።

«ጨርሺዋ» አሉ። «ማን ነው የጠቀሰው?»

ኢብሲቱ ቅርጫቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ዓረፍተ ነገር አይቆረጥም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ዝቅ ማለቱ ነው ያስፈራት። «ልትዪኝ የፈለግሽው ገብቶኛል። ሰይጣን ነው። ሙሉውን ካልሽ እሺ፣ ሙሉው ውስጥ ‹ሽማግሌ የሆነውን አትገሥጸው› የሚል አለ። እሱንም በቅርጫትሽ ከተሻል?»

ተያዘች። እውነታቸውን ነው፤ ጥቅሱ አለ። መጽሐፉ ለእሳቸው ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ እሷንም ይገሥጻል። ከዚያ ግን የጥቅሱ ቀሪ መጣላት፣ ልጅ ሆና ነቀምት ውስጥ በቃሏ ያጠናችው።

«‹ነገር ግን እንደ አባት ለምነው› ይላል ቀጥሎ። ስለተናገርኩበት አፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እየለመንኩዎት ነው አባቴ። ጋሽ ስንታየሁ ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ ዓርብ ነግሮኛል። ቃል ሊያወጣ ነው የመጣው። እባክዎ ሙሉው ይድረሰው።»

ጋሽ ሐብተማርያም ወደ መጨረሻው ረድፍ አዩ። ግራጫዋ ካምሪ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ መስታወቷ ተዘግቷል። ብዙ አዩዋት። ኢብሲቱ ይሄዳሉ ብላ ነበር፤ እግራቸውም ትንሽ የተነሣ መሰላት።

«ጋሼ!» አለ ሙሊሳ ከላይ። «መዝሙሩ እያለቀ ነው፤ ምን ልክፈት?»

የተነሣው እግራቸው ተመለሰ።

«ለመንሽኝ፤ ሰማሁሽ» አሏት። «በሕዝብ ላይ ግን ያልታየ ነገር አልሞክርም። ከኮሮላዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ያምና የተረፈ የቃል ካርቶን አለ። እሱን አድይ።»

ቅርጫቷን ከእጇ ወሰዱና ፒካፑ ላይ አስቀመጡት፤ መሰላሉን ወጡ።

ኢብሲቱ ታዘዘች። ያምናውን ካርቶን አቅፋ፣ ጓንት አጥልቃ፣ በሰላጣ መቆንጠጫ እያነሣች በየመኪናው መስኮት ታቀብል ጀመር። በየሬዲዮው የጋሽ ሐብተማርያም ድምፅ እየጸለየ ነው፤ ከአንድ መኪና ወደ ሌላው ስታልፍ ጸሎቱ ሳይቋረጥ አብሯት ይሄዳል።

«ኢብሴ፣ ቤት የሚለውን ፈልገሽ ቆንጥጪልኝ!» አለቻት ዳራርቱ፣ ሦስት ልጅ ከኋላ የጫነችው የቤት ነርስ።

«ዕጣ ነው እኮ።»

«ዕጣን በመቆንጠጫ መምራት ይቻላል አንቺ! እሺ አምጪ... ‹ራስ እንጂ ጅራት›! ተመስገን!» ክላክሷን ነካችው፤ ልጆቿ ከኋላ «ማም፣ ስቶፕ!» ብለው ጮኹ። ኢብሲቱ ወረቀቷን አየቻት። ከ«ጅራት» በኋላ ነጥብ ነጥብ ነጥብ።

መጨረሻ ረድፍ ደረሰች። ስንታየሁ መስታወቱን እስከ ታች አወረደው። ከስቷል፤ ማስኩ ፊቱ ላይ ሰፍቷል። ከጎኑ፣ በባዶው ወንበር ላይ፣ የባየሽ የመዘምራን ልብስ ከላውንደሪ እንደ ወጣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«ይሄን ላስረክብ ነው» አለ። «የእናንተ ዕቃ ነው።»

«ጋሽ ስንታየሁ፣ የእሷ ነው፤ ቤት ይቀመጥ...»

«ቤቴ ተፈትሾ አልቋል።» ልብሱን በመስኮት አወጣላት። ከዚያ መቆንጠጫዋን አልጠበቀም፤ ባዶ እጁን ካርቶኑ ውስጥ ሰዶ አንዱን አወጣ። ሲፈታ ኢብሲቱ በልቧ ለመነች። የትኛውም ይሁን፤ ብቻ ያ አይሁን።

ስንታየሁ አነበበ። ሳቀ፤ ድምፅ የለውም ሳቁ፤ ትከሻው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረላት።

‹መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም...›

«ያው ነው» አለ። «ጋሽ ሐብተማርያም ያሉኝ። ከነነጥቡ።»

«ይሄ እኮ አላለቀም! ከታች አለ፣ እኔ ላንብብልህ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ...»

«አንቺ አይደለሽም ልታነቢልኝ የሚገባሽ» አለ፤ በቁጣ አይደለም። ወረቀቱን መዳፏ ላይ አኖረው፤ ሞተሩን አስነሣ። ካምሪዋ በረድፎቹ መካከል ቀስ ብላ አለፈች፤ በሩ ላይ ደርሳ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ወደ ሜፕልዉድ፣ ወደ አፓርትመንቱ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሁሉም ዕጣውን እያነበበ ነው።

ኢብሲቱ ልብሱን በአንድ ክንዷ፣ ወረቀቱን በሌላ እጇ ይዛ ወደ መድረኩ ሄደች። ሩጫ ሊባል የሚችል እርምጃ ነበር። ጋሽ ሐብተማርያም መባው ላይ ናቸው፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ታስሮ በየመስኮቱ የዞረው ባልዲ ፊታቸው ተቀምጧል፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተውበታል። ልብሱን ፒካፑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፤ ወረቀቱን ወደ ላይ ዘረጋችላቸው። እንደ አባት መለመን ይሄም ነው ብላ አሰበች።

ዓይናቸውን ገለጡ። የተዘረጋ የተስፋ ቃል አይተው የማያነቡ ሰው አይደሉም፤ ሁልጊዜ በዚህ ቀን የአንድ ሰው ዕጣ ለሕዝቡ ያነባሉ። ተቀበሏት፤ በማይክሮፎኑ፣ በዚያ ሁሉም በሚያውቀው ወፍራም ድምፅ አነበቡ፦

«‹መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም!›»

ግቢው ፈነዳ። አርባ መኪና አንድ ላይ ጮኸ፤ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ዳክዬው። የዳራርቱ ሚኒቫን ሁለቴ፣ ሦስቴ። እንደዚያ ያለ አሜን በዚያ ዓመት ሙሉ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ስንት ወር የያዘውን ፍርሃት በእጁ መዳፍ ያወጣ ይመስላል።

ጋሽ ሐብተማርያም ፈገግ አሉ፤ ወደ ኢብሲቱ ጎንበስ አሉ። «የማን ናት?»

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር።

«የጋሽ ስንታየሁ» አለች።

በየመኪናው ሬዲዮ ገባ። ክላክሶቹ አንድ ላይ አላቆሙም። መጀመሪያ የፊቶቹ፣ ከዚያ የመሃሎቹ፣ አንድ በአንድ ጠፉ። የመጨረሻው፣ አንድ ጆሮው የሚከብድ ሽማግሌ፣ ብቻውን ትንሽ ቆየ። ሰው ሳይነግረው አልቀረም፤ እሱም አቆመ።

ጋሽ ሐብተማርያም ቀና ብለው የመጨረሻውን ረድፍ አዩ። አጥሩ ሥር ካምሪዋ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው፤ አስፋልቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ያብረቀርቃል። ወደ ታች አዩ፤ በላስቲክ የተሸፈነውን የመዘምራን ልብስ አወቁት። እጃቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ሄደ፤ እዚያ ያለችውን የ‹ታረቅ› ወረቀት ነካት፤ ግን አላወጧትም። ማስካቸው በትንፋሻቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

«ጋሼ?» አለ ሙሊሳ። «ቡራኬውን...»

ባልዲውን፣ ገና ያልተባረከውን፣ እንዳለ ተዉት። መሰላሉን ወደ ኋላቸው ዞረው በጥንቃቄ ወረዱ፤ ጉልበታቸው ደህና አይደለም። ልብሱን ከፒካፑ ጠርዝ አነሡና በሁለት ክንዳቸው ላይ አጋደሙት። በኢብሲቱ አጠገብ ሲያልፉ አላዩአትም። በረድፎቹ መካከል ሄዱ፤ ሰዎች ከመስታወት ጀርባ አንገታቸውን እያዞሩ ተከተሏቸው። በሬዲዮ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው፤ ክፍት ማይክሮፎን ላይ የሚነፍስ የመስከረም ነፋስ።

ኮሮላዋ ተነሣች። የጋሽ ሐብተማርያም ቤት ብሩክሊን ፓርክ ነው፤ ወደ ሀይዌዩ፣ ወደ ግራ። በሩ ላይ ደርሰው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፉ።